ፕላስቲክ ቀለም ለፕላስቲክ አይሆንም፦ የበረንዳዬ አበቦች መትከያ እንዴት እንዳማረበት

በረንዳዬ ላይ የተደረደሩትን የአበባ መትከያዎች ያየ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ውሃ ጠፍቶባችኋል እንዴ?» አይፈረድበትም። ሁለቱ አፋቸው የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ናቸው። ሦስቱ ባለ 5 ሊትር፣ አንዱ እጀታው የተነቀለ ሰማያዊ ባልዲ ነው። አራቱ ብቻ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የተገዙ ቀጫጭን ቡናማ ፕላስቲኮች ናቸው። ጄራኒየሙ፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ የጥብስ ቅጠሉና እሬቱ በውስጣቸው ለምልመዋል። ከሩቅ ሲታዩ ግን ቦኖ ውሃ ዘንድ ወረፋ የያዙ ነው የሚመስሉት።

ለምን የሸክላ መትከያ አልገዛሽም የሚለኝ አይጠፋም። ሸክላ እወዳለሁ፤ ነገር ግን የቤታችን በረንዳ ወለሉ እንጨት ነው፣ እሱም ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። አፈር የሞላ ሸክላ ደርድሬበት በእኩለ ሌሊት ጣውላው ሲሰነጠቅ መስማት አልፈለግሁም። ደግሞም ሸክላ ውሃውን በጎኑ እያተነነ ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ ጠዋትና ማታ ማጠጣት ይጠይቃል፤ በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ደግሞ በፈለገው ቀን ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩን ይዤ መልኩን ለመቀየር ወሰንሁ።

ይህን የምጽፈው ሦስት ጊዜ ቀብቼ ሁለት ጊዜ ስላበላሸሁ ነው። ሦስተኛው ሁለት ክረምት አሳልፎ አሁንም እንዳለ ስላለ፣ ለሚጀምር ሰው ድካም ይቀንስለታል ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ነበር። አዲስ ዓመት ሳይገባ በረንዳው አምሮ መታየት አለበት ብዬ ቀለም መሸጫ ሄድሁ። «ለፕላስቲክ የሚሆን ቀለም አለህ?» አልሁት ሻጩን። «ፕላስቲክ ቀለም? ሞልቷል!» አለኝና አንድ ጋሎን ነጭ አወረደልኝ። ሁለታችንም አልዋሸንም፤ ሁለታችንም አልተግባባንም። በገበያችን «ፕላስቲክ ቀለም» የሚባለው በውሃ የሚቀጥነው የግድግዳ ቀለም ነው። ስሙን ያገኘው በውስጡ ያለው ማያያዣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ስስ ሽፋን ስለሚሆን እንጂ ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ አይደለም። እኔ ግን በስሙ ተማምኜ ጀሪካኖቹን በውሃ ለቅለቅ አድርጌ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ቀባኋቸው። በእንቁጣጣሽ ዕለት እንግዶቼ አደነቁ። እኔም እንደ ባለሙያ አስረዳሁ።

በደመራ ዋዜማ የእህቴ ትንሽ ልጅ ከአንዱ ጀሪካን ጠርዝ ላይ የተነሳች ቁራጭ አይቶ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ሳብ አደረጋት። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ በአንድ ቁራጭ ተገፈፈ። ከሥሩ ያ ቢጫ ጀሪካን ምንም እንዳልነካው እያብለጨለጨ ወጣ። ልጁ በጣም ስለተደሰተ የቀሩትንም ላጠልኝ።

ሁለተኛውን ሙከራ ከእልህ ጋር ጀመርሁት። «ውሃ ቀለም ምን ያደርጋል፣ ዘይት ቀለም ነው እንጂ!» ብዬ ከዕቃ ቤት ዓመተ ምሕረቱ የጠፋበት ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ቆርቆሮ አወጣሁ። ይህኛው ከፊተኛው ይሻል ነበር፤ አንድ ወር ሙሉ ቆየ። ነገር ግን ጀሪካን ሲያዝ ጎኑ ገባ ወጣ ይላል፤ ዘይት ቀለም ደግሞ እየቆየ ይደርቃል፣ ይገነትራል። ውሃ ላጠጣ አንዱን በእቅፌ ባነሳሁት ቁጥር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እየሰማሁ የቀለም ቅርፊት ወለሉ ላይ ይረግፋል።

እዚህ ላይ ቀለሙን ትቼ ስለ አንድ ሌላ ነገር ልናገር። አሮጌ ቢጫና ቀይ ዘይት ቀለም ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች አትጠቀሙበት። የድሮ ደማቅ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ድምቀታቸውን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ብረት ነበር። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ነው። የእኔ ቆርቆሮ ከዚያ በፊት የተገዛ መሆኑን እርግጠኛ ነበርሁ። ቅርፊቱ የሚረግፈው ደግሞ ያ ልጅ በሚድህበት፣ ያገኘውን ወደ አፉ በሚወስድበት ወለል ላይ ነው። እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ሕፃናትን፣ በተለይም አእምሯቸውን ነው። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ብፍቀው ብናኙ የባሰ ይሆናል፤ ስለዚህ የተቀቡትን ሁለት መትከያዎች በላስቲክ ጠቅልዬ ጣልኋቸው፣ ወለሉን ሳልጠርግ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁ። ሁለት ጀሪካን ከሰርሁ፤ ግን ቀለል አለኝ።

የሰፈራችን የመኪና ላሜራና ቀለም ቤት ከበራችን ማዶ ነው። እዚያ የሚሠራ አንድ ወጣት፣ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የተላጠውን ባልዲ ስፈትግ አይቶ መጣ። አንዱን ቡናማ መትከያ ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት አሳየኝ። በመካከሏ 5 የሚል ቁጥር አለ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ፓራውልት ነው» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ?»

«የመኪና ፓራውልት፣ ያ የፊትና የኋላ መከላከያው፣ የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። እኛም ዝም ብለን ብንቀባው በሳምንቱ ይረግፍብናል። መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ማለት ቀለሙን የሚያስይዘውን የሥር ቅብ፣ ያጠጡት፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው።»

ስንት ቀን ስለፋ መልሱ ከመንገዱ ማዶ ነበር! ከዚያ በኋላ የተማርሁትን አብዛኛውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የቀረውን በራሴ ጥፋት ተማርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፕላስቲኩ ሥር 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ በርካሽ የሚሸጡት መትከያዎችና ብዙዎቹ ባልዲዎች ከዚህ የተሠሩ ናቸው። 2 ቁጥር ከሆነ ፖሊኤቲሊን ነው፤ የዘይት ጀሪካኖች በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱም በባሕርያቸው ምንም ነገር እላያቸው ላይ እንዲነጠፍ አይፈልጉም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በንጹሕ ጀሪካን ላይ ሁለት ጠብታ ውሃ አድርጉ፤ ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ክብ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይዘረጋም። ያልተዘረጋ ቀለም ደግሞ አይይዝም። በአንጻሩ 1 ቁጥር ያለበት የሃይላንድ ጠርሙስ ከእነዚህ ይልቅ ቀለም ይቀበላል፤ ችግሩ ለአበባ ጠባብና ስስ መሆኑ ነው።

በዚህ ላይ አዲስ መትከያ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚረዳ ስስ ቅባት ሊኖርበት ይችላል። የዘይት ጀሪካንማ ስሙ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከማጠቢያ ሳፋ ነው። እኔ በሞቀ ውሃና በላርጎ ሦስት ጊዜ አጠብሁ፤ ውስጡንም ውጭውንም፣ በተለይ እጀታው የሚጋጠምበትን ስርጉድ። የተለጠፈበት ወረቀት ሙጫው አልለቅ ሲለኝ በምግብ ዘይት አሽቼ አለሰለስሁትና እንደገና በላርጎ አጠብሁት። ዘይትን በዘይት ማስለቀቅ እንግዳ ነገር ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ አልኮል ነክሬ ወለወልሁት። ለኮሮና ጊዜ የገዛነው አልኮል አልቆ አያውቅም፤ ለዚህ ጠቀመ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ላብና ቅባት የደረሰበት ቦታ ላይ ቀለሙ መጀመሪያ የሚነሳው እዚያው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሽሮ እየሠራሁ በመካከል መጥቼ አዟዟርሁት፤ የአራት ጣቴ አሻራ እስከ ዛሬ አለ።

መፈተጉ ቀጥሎ ይመጣል። ቁጥሩ 220 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከርሁ በክብ በክብ ፈተግሁት። ዓላማው መፋቅ አይደለም፤ ማብለጭለጩ ጠፍቶ ዳር እስከ ዳር እንደ ደበዘዘ መስተዋት እንዲሆን ነው። ሻካራ ወረቀት አትውሰዱ። እኔ ቶሎ ይለቅልኝ ብዬ በ80 ቁጥር ጀምሬ ጀሪካኑ ጸጉር አበቀለ፤ ፖሊኤቲሊን በሻካራ ሲፈተግ እንደ ሱፍ ይበጣጠሳል፣ ያ ጭረትና ጸጉር ደግሞ በቀለም ሥር ሁሉ ይታያል። ሲያልቅ እንደገና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአልኮል ይወለወላል። አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ከጠቅላላው ድካም ሁለት ሦስተኛው እዚህ ነው፤ መቀባቱ ጨዋታ ነው።

የፕላስቲክ ፕራይመሩን ያ ወጣት ከሚገዛበት የመኪና ቀለም መሸጫ አንድ ቆርቆሮ የሚረጭ አስመጣሁ። ዋጋው መጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር፤ አንዱ ቆርቆሮ ግን ለስምንት መትከያ በቅቶ ተርፏል። የሚረጨው እጅግ በስሱ ነው፤ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት፣ እጅን ሳያቆሙ፣ ዳር እስከ ዳር እያሳለፉ። ቀለም እስኪመስል ድረስ ማወፈር ስህተት ነው። ቆርቆሮው ላይ በስንት ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ እንዲደርብበት ተጽፏል፤ ያንን ጊዜ አክብሩት፣ ሰዓቱ ካለፈ መያዣው ጉልበት ያጣል። ይህንን ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ በማይበዛበት ነገር ግን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ ሥሩ። ምድጃና የከሰል እሳትም አጠገብ አይሁን። ጎረቤቴ ልብስ አስጥታ እንደነበረ ያወቅሁት ከረጨሁ በኋላ ስለሆነ፣ ገመዱንም አስቀድማችሁ አስተውሉ።

ከዚያ የትኛውን ቀለም? እዚህ ላይ ያ የናቅሁት ፕላስቲክ ቀለም ተመልሶ መጣ። ከሥሩ ፕራይመር ካገኘ ከዘይት ቀለም የሚበልጥበት ምክንያት አለው፦ ሲደርቅ አይገነትርም፣ ጀሪካኑ ገባ ወጣ ሲል አብሮት ይሄዳል። የምትገዙት ለውጭ ግድግዳ የሚሆነውን ይሁን፤ የውስጡ ፀሐይና ዝናብ አይችልም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ቆዳ ብቻ ሳይሆን ቀለምም ትበላለች። ቀለሙ በተራው ፕላስቲኩን ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ሳይቀባ የተረፈ ሌላ ባልዲዬ ጠርዙ በሁለተኛው ዓመት እንደ ቆሎ መሰባበር ጀምሯል።

በሦስት ስስ ቅብ ሠራሁት፤ በየመካከሉ አራት አምስት ሰዓት እየጠበቅሁ። የቀን ምርጫም ነገር ነው። ጳጉሜን ላይ የቸኮልሁበት ጊዜ አየሩ እርጥብ ስለነበረ ላዩ የደረቀ መስሎ ሥሩ እንደ ሊጥ ነበር። ሦስተኛውን የሠራሁት በኅዳር ነው፤ ደረቅ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ፣ ረፋድ ላይ ሞቅ የሚል። በቀትር ፀሐይ ሥር ግን አትቀቡ፤ ብሩሹ ሳይመለስ ቀለሙ ይደርቅና ሰንበር ይተዋል።

ስለ መልክ ብዙ አልልም፤ ዓይን የየራስ ነው። እኔ ለአራቱ ቡናማዎች የሸክላ መልክ መረጥሁ። ነጩን ፕላስቲክ ቀለም በቀይና በቡናማ ማቅለሚያ አጠቆርሁት፤ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ በአንድ ሊትር ላይ አንድ ሲኒ ያህል ጨመርሁበት። ደርቆ በእጅ ሲዳሰስ ሸክላ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ከዚያ በተቆረጠ ስፖንጅ ጥቁር ቀለም አስነክቼ፣ ስፖንጁን በጋዜጣ ላይ አራግፌ፣ ከሥር በኩል ብቻ ነካ ነካ አደረግሁት፤ እሳት የላሰው ጋን መሰለ። እናቴ መጥታ በጣቷ አንኳኳችው፣ «ድምፁ ግን ውሸት ነው» አለች።

ጀሪካኖቹን ነጭ አድርጌ በወገባቸው ላይ ጥለት አዞርሁባቸው። የቀሚሴን ጠርዝ ከፊቴ ሰቅዬ እያየሁ ነበር። ቀጥ ያለ መስመር የሚወጣው በወረቀት ፕላስተር ነው። ፕላስተሩን ለጥፋችሁ ጠርዙን በጥፍር ተጫኑት፤ ከዚያ መጀመሪያ በራሱ በነጩ ቀለም ጠርዙን ቅቡት፣ ሲደርቅ አረንጓዴውን ወይም ቀዩን ደርቡበት። የሚሾልከው ነጩ ስለሚሆን አይታይም። ፕላስተሩ የሚነሳው ቀለሙ ገና እርጥብ እያለ፣ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ቀስ ብሎ ነው። ጥቁር መስቀለኛ ጥልፉን በቀጭን ብሩሽ በነጻ እጅ ሞክሬ ነበር፤ የመጀመሪያው ጀሪካን ጥለት ሳይሆን የዶሮ ዱካ ያለበት ይመስላል። እሱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። በከባድ ካርቶን ላይ ቅርጹን ቆርጬ በስፖንጅ ካተምሁ ወዲህ ተስተካከለ።

አንድ ጥፋት ደግሞ በስግብግብነት ሠራሁ። ባልዲውን ብቻውን በፕራይመር ላይ በአዲስ ዘይት ቀለም ቀብቼው ነበር፤ አምሮብኝ ይበልጥ እንዲያብረቀርቅ ኒትሮ የሚባለውን ቶሎ የሚደርቅ የመኪና ቅብ ከላይ ረጨሁበት። በአይኔ ፊት ተሸበሸበ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የማር እንጀራ ይመስል ነበር። የኒትሮው ማቅጠኛ ኃይለኛ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ዘይት ቀለም አስነስቶት ነው። ልጁ ከበራችን ማዶ ሆኖ አይቶ ራሱን ያዘ። ለማብረቅረቅ የሚሆነውን ማንኛውንም ነገር በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ሞክሩና አንድ ሌሊት ጠብቁ። ላሜራና ቀለም ቤቶች በማጠንከሪያ ቀላቅለው የሚረጩት የመኪና ሽፋን ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ስለሆነ ባለሙያው በራሱ መከላከያ ይርጨው እንጂ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። እኔ ሳላብረቀርቅ ትቼዋለሁ፤ ለሸክላና ለጥለት ድንግዝግዙ ያምርበታል።

ቀለሙ መያዙን ለማወቅ ልጁ ያሳየኝ ዘዴ ቀላል ነው። ከቀባችሁ ከሳምንት በኋላ በሥር በኩል በምላጭ ቀጫጭን መስቀለኛ መስመሮች ጫሩ፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጫን አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ መንጭቁት። በመስመሮቹ መካከል ያለው ቀለም በሙሉ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ ማጠቡና መፈተጉ ጎድሏል ማለት ነው። በእኔ ስምንት ላይ አንዱ ወድቋል፤ ያው ሽሮ የነካው።

መብሳቱን ከመቀባት በፊት ጨርሱት። በትራፓኖ ከሥሩ አምስት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ይበቃል። ትራፓኖ የሌለው በጋለ ምስማር ይበሳል፤ ጭሱን ግን አትተንፍሱት። ውስጡን አልቀባሁም፤ ከአፉ ወደ ውስጥ አፈሩ እስከሚደርስበት አራት ጣት ያህል ብቻ ነው የቀባሁት፤ ለዓይን የሚታየው እሱ ነውና። በሶብላ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ቡና ውስጥና ወጥ ውስጥ ስለሚገቡ መትከያቸው ዱሮ ምን እንደ ያዘ ማወቅ ግዴታ ነው። የምግብ ዘይት ጀሪካን ይሁን፤ የሞተር ዘይት ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለእነዚህ አይሁን።

ከቀባሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ባዶአቸውን በጥላ አቆየኋቸው። ሲዳሰስ የደረቀ ቀለም ውስጡ ገና እየጠነከረ ነው፤ እርጥብ አፈር ቶሎ ከተሞላበት ከጠርዙ ይነሳል። ከዚያ ጥቁር አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና አሸዋ ቀላቅዬ ሞላሁ። ከረጃጅሞቹ ሥር ጠጠር ያደረግሁት ነፋስ እንዳይጥላቸው ለክብደት ነው፤ ውሃ ያንጠፈጥፋል የሚባለው ቀዳዳውን አይተካም። ፀሐይ የሚያርፍባቸውን ነጮቹን ከፊት፣ ጠቆር ያሉትን ሸክላ መሳዮች ከጥላው በኩል አስቀመጥሁ፤ ጥቁር መልክ ሙቀት ይስባል፣ ሥሩን ይቀቅለዋል።

አሁን ሁለተኛው ክረምት አልፏል። ሰባቱ ደህና ናቸው። የአንዱ ጀሪካን እጀታ ሥር፣ ውሃ የሚቋጥርበት ስርጉድ ላይ፣ የጥፍር ያህል ቦታ ተነስቷል፤ እዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ በደንብ አልደረሰም ነበር። የተረፈውን ፕራይመር ቆርቆሮውን ገልብጬ ባዶ አየር እስኪወጣ ረጭቼ አፉን ስላጸዳሁት አልተደፈነም፤ ኅዳር ላይ ያችን ቦታ በጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ ፈትጌ እነካታለሁ።